ቀይ ክርና ነጭ ክር በጎዶማ ፈረሶች ላይ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት በሚያዝያ መግቢያ፣ ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የምሄደው ወደ ኬንያው ሞያሌ ነበር። አንድ ከዚያ የተመለሰ ነጋዴ ወደ ጋዜጣችን ዝግጅት ክፍል መጥቶ፣ ከድንበሩ ማዶ ለፈረስ የሚሸጠው የትል መድኃኒት ኖራ የተበጠበጠበት ውሃ ነው፣ ሻጩም የእኛው አገር ሰው ነው ብሎ ተናገረ። አለቃዬ ወሬውን ወደደው። አንድ ሳምንት ሰጠኝና አጭበርባሪውን ይዤለት እንድመጣ አዘዘኝ። እኔ ግን በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ስቆይ የያዝኩት አንድ ልማድ አለኝ፤ ከመነሳቴ በፊት ርዕስ አልጽፍም።

በቦርሳዬ ውስጥ የይለፍ ወረቀቴ፣ ሁለት ደብተር፣ ቅያሪ ልብስና አሥር የክሎሮኪን ኪኒን ነበሩ። ቆላ ስለምወርድ ወባ ቢይዘኝ የምውጠው ነው። ለአንድ ሰው አሥሩም ያስፈልጋሉ።

ሰኞና ማክሰኞ፣ መንገድ ላይ

የተሳፈርኩት ጤፍና በርበሬ በጫነ ፊያት መኪና ጋቢና ነው። ሾፌሩ ደምሴ ይባላል፤ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ከመሪው ጋር የሚያወራ ሰው ነው። እስከ ሞያሌ አሥራ አምስት ብር ተስማማን። ሻሸመኔ ላይ ጥብስ በላን፤ ዲላ አደርን። አልጋው ሁለት ብር ነበር፤ ቁንጫው በነጻ።

ማክሰኞ አገረ ማርያምን እንዳለፍን ደኑ እየሳሳ ሄደ። ከያቤሎ በኋላ መሬቱ ቀይ ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጡ ኩይሳዎች ከግራር መሐል ቆመዋል፣ ነጫጭ የቦረና ከብቶች መንገዱን ይዘው ይሄዳሉ፣ ከኋላቸው ፈረሰኛ አይጠፋም። ቦረና የጠፋ ከብት የሚፈልገው፣ ዝናብ የት እንደጣለ የሚያየው በፈረስ ነው። ፈረስ የሌለው ሰው ወሬ የሚሰማው ከሌላ አፍ ነው አለኝ ደምሴ።

ሜጋ ስንደርስ ደምሴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጥርሱ እየተፋጨ "ሁልጊዜ ነው ጋሼ፣ ዝናብ ሲመጣ ትጎበኘኛለች" አለኝ። ከአሥሩ ኪኒኖች አምስቱን ቆጥሬ ሰጠሁት። አምስቱን ለራሴ አስቀረሁ። በሻይ ቤቱ የነበሩት ሁሉ መረቁኝ። በማግስቱ ጠዋት ደምሴ ላቡ ደርቆ፣ እየዘፈነ ሞተሩን አስነሳ። እኔም በሥራዬ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም።

ረቡዕ፣ የአቶ በየነ ቤት

ሁለቱን ሞያሌዎች የሚለያያቸው አንድ ጎድጓዳ ቦታ ነው። በወዲህኛው ወረቀቴን አዩ፣ በወዲያኛው ማኅተም መቱበት፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ሁሉ በግራ ይሄዳል። ገንዘቤን ወደ ሺሊንጊ ቀየርኩና የአቶ በየነን ቤት ጠየቅሁ። ማንም አላመነታም። ማንዳዚ የሚሉትን የሊጥ ጥብስ የምትጠብስ አንዲት ሴት አማርኛና ስዋሂሊ ቀላቅላ "የምዜ በየነ ዱካ? ያ በሩ አረንጓዴ፣ ሰው የሌለበት" አለችኝ። ምዜ ማለት ሽማግሌ፣ ዱካ ማለት ሱቅ ነው። ሰው የሌለበት ያለችው ግን በኋላ ነው የገባኝ።

አቶ በየነ ስድሳውን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ የቡልጋ ሰው ነው። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ አራት የእንግዳ ክፍል አለው። አልጋው ከሻይና ከማንዳዚ ጋር ሃያ ሺሊንጊ ነው። ከሱቁ ግድግዳ ላይ የገብርኤል ስዕልና የንግድ ፈቃዱ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ከየት እንደመጣሁ ስነግረው ፈገግ አለ።

"ሌባ ልታይ ነው የመጣኸው? ይኸውልህ፣ ተቀምጧል። ሻይ ይጠጣል" አለኝ።

ከዚያ ነገሩን በሥርዓት አስረዳኝ። መድኃኒቱን ከናይሮቢ በታሸገ ቆርቆሮ ያስመጣል። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የጎዶማ መንደር ሰዎች ለዓመታት ገዝተውታል፤ መጀመሪያ ፈረሶቻቸው ይወፍሩ፣ ጸጉራቸው ያብረቀርቅ ነበር። አሁን ግን ፈረሱ ጠጥቶም ጎኑ ይቆጠራል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል። ባለፈው በጋ ሁለት ሞቱ። የጎዶማ ሽማግሌዎች እውነቱ እስኪለይ ድረስ ከሱቁ ምንም እንዳይገዛ አግደው፣ ነገሩን ለመንግሥት እንስሳት ሐኪም ሰጡት። ሐኪሙ ቆጥሮ መድኃኒቱ የሞተ ነው ካለ፣ አንድም ቦረና ደጁን አይረግጥም። ፈቃዱንም ይነጠቃል።

"እዚህ ከመጣሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው" አለኝ። "ልጆቼን ያሳደግሁት እዚህ ነው፣ ሚስቴን የቀበርኩት እዚህ ነው። ቡልጋ ብመለስ ይህ ማን ይሆን ብለው ነው የሚጠይቁት።"

ሐሙስ፣ የሐኪሙ ቆጠራ

ሐኪሙ ዶክተር ሙቱኩ የካምባ ጎሳ ተወላጅ ነው። ሰዉ ዳክታሪ ይለዋል። ከእኔ ጋር በእንግሊዝኛ፣ ከአቶ በየነ ጋር በስዋሂሊ ይነጋገራል። ቢሮው አንድ የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ ማይክሮስኮፑን በመስኮቱ በኩል አስቀምጦ በፀሐይ ብርሃን ይሠራል። ደመና ሲመጣ ሥራ ይቆማል።

አሠራሩን ቆሜ አየሁ። የፈረሱ ትኩስ ፋንድያ በሚዛን ይመዘናል፤ ጨው እስኪጠግብ በሟሟበት ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፤ በሻይ ማጥለያ ይጠለላል፤ መስመር በተሠመረበት መስታወት ውስጥ ይንጠባጠባል። የትሉ እንቁላል ከጨው ውሃው ስለሚቀል ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ መቁጠር ነው። ጨው የተገዛው ከአቶ በየነ ሱቅ ነበር፤ እሱ ሒሳብ አልቀበልም ቢልም ሐኪሙ በግድ አስቀበለው። ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ባደርግ እንደ ስንዴ ፍሬ የሞላላ ነገር፣ በውስጡ ትናንሽ ኳሶች የታጨቁበት አየሁ። አንዱ እንቁላል እሱ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። መድኃኒት ከመስጠት በፊት ይቆጠራል፤ ሰጥቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይቆጠራል። መድኃኒቱ ደህና ከሆነና ትሉ የሚሞት ከሆነ፣ በሁለተኛው ጊዜ መስታወቱ ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ጥቂት ፈረሶች ደግሞ ሳይጠጡ ይቆያሉ። እነሱ ባይኖሩ፣ ቁጥሩ የወረደው በመድኃኒቱ ይሁን በሣሩ ወይም በዝናቡ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ዶክተር ሙቱኩ ከሁለት ሳምንት በፊት ጎዶማ ሄዶ አሥር ፈረሶች መርጦ፣ ፋንድያቸውን ለመጀመሪያው ቆጠራ ወስዶ ነበር። የእያንዳንዱን ደረት በሜትር ለክቶ ክብደቱን ገምቷል። ከአቶ በየነ ሱቅ ከወሰደው ያልተከፈተ ቆርቆሮ የአምስቱን መጠን በአምስት ጠርሙስ ቀዳ። የሚጠጡትን አምስት ፈረሶች ጋማ በቀይ ክር፣ የማይጠጡትን በነጭ ክር አሰረ። ሊያጠጣቸው ሲል ግን ዝናብ መጣ። መንገዱ ሳይዘጋ መመለስ ስለነበረበት ጠርሙሶቹን ለባለቤቶቹ ትቶ፣ ጎህ ሲቀድ እንዲያጠጧቸው አስጠንቅቆ ሄደ።

አሁን ሁለተኛው ቆጠራ ነው። ፋንድያው በየከረጢቱ ተለይቶ ጠዋት ከጎዶማ መጥቷል። አቶ በየነ በሩ አጠገብ፣ የጨው ከረጢቱ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ።

የመጀመሪያው ባለ ቀይ ክር ፈረስ እንቁላል ሠላሳ ስምንት የነበረው ሠላሳ ሆኗል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ ትንሽ ብቻ ወርዷል። ዶክተር ሙቱኩ መነጽሩን አወለቀና፣ መድኃኒቱ የሞተ ይመስላል አለ። አቶ በየነ ራሱን ነቀነቀ። ነጭ ክር ያላቸው ሲቆጠሩ ግን ሐኪሙ ግራ ገባው። እነሱም በዚያው ልክ ወርደዋል። ምንም ያልጠጣ ፈረስና የጠጣ ፈረስ አንድ ሆኑ።

ደብተሬ ላይ "መድኃኒቱ አይሠራም" ብዬ ጽፌ ነበር። ከአጠገቡ የጥያቄ ምልክት ጨመርኩበት።

ዓርብ፣ ጎዶማ

በማግስቱ በሐኪሙ ላንድሮቨር ሦስታችንና ኦሮምኛ የሚያውቀው የሐኪሙ ረዳት ጎዶማ ወጣን። ጭቃው ሁለት ጊዜ አስወረደን። ሐኪሙ ወደ ፈረሶቹ ሲሄድ እኔ ከአቶ በየነ ጋር ወደ አንዲት ሴት ጎጆ ሄድኩ። ዳኪ ትባላለች። ባሏ ሞቷል፤ የቀራት አንድ ዳማ ፈረስ ነው፣ ጋማው ላይ ነጭ ክር አለ። ወንድሟ ከብቷን የሚፈልግላት በዚያ ፈረስ ነው። የግመል ወተት በጣሳ ሰጠችንና፣ እንግዳ ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ ስለ ጎረቤቶቿ በጎነት ታወራ ጀመር። አቶ በየነ ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰልኝ ነበር።

"ዳክታሪው ነጭ ክር ሲያስርብኝ አፈርኩ፣ ባል የሌላት ሴት ፈረስ ስለሆነ ይሆናል አልኩ" አለች። "ጎረቤቴ ግን ብቻዬን አልተወኝም። ጠርሙሱን ይዞ መጣ፣ ግማሹን ለኔ አጠጣልኝ።"

አቶ በየነ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር መልሶልኝ ቆመ። ከዚያ ራሱ ለራሱ ደገመው፤ ግማሹን አጠጣልኝ።

እዚህ ላይ የሥራዬ ደንብ ያዘኝ። የተከሰሰው ሰው አስተርጓሚዬ ነው፤ በእሱ አፍ ብቻ የሰማሁትን ልጽፍ አልችልም። ስለዚህ ሐኪሙን ጠራሁና በእሱ ረዳት በኩል፣ አቶ በየነ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ጎረቤቱን ጠየቅነው። ሰውዬው ምን ጥፋት እንዳለበት አልገባውም ነበር። አዎ፣ ግማሹን ሰጥቻታለሁ አለ፤ ሌሎቹም ባለ ቀይ ክሮች እንዲሁ አድርገዋል። ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ከሱቁ ሲገዙም አንድ ጠርሙስ ለሦስት ፈረስ፣ ሲበዛም ለአራት። የራሱ ፈረስ እየጠጣ የሌላው ቆሞ እንዲያይ የሚያደርግ ሰው ጎዶማ ውስጥ የለም።

ዶክተር ሙቱኩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የሆነውን በዝርዝር አስረዳኝ። ግማሽ መድኃኒት ደካማውን ትል ይገድላል፤ ጠንካራው ይተርፋል። የሚራባው የተረፈው ነው። ይህ በየዝናቡ ሲደጋገም፣ በፈረሱ ሆድ ውስጥ የሚቀረው መድኃኒቱን የሚችል ዘር ብቻ ይሆናል። ግን ይህ ግምት ነው አለ። መድኃኒቱም ደካማ ሊሆን ይችላል። ገና አልተረጋገጠም።

የጎዶማው ሽማግሌ በዚህ መሐል መጣ። የበኩር ልጁ ስም ሊበን ስለሆነ አባ ሊበን ይሉታል። በጉድጓዱ ላይ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያስጠብቀው እሱ ነው፤ አባ ሄሬጋ የሚባል ሹመት ነው። ሐኪሙ ተቆጥቶ፣ ነጭ ክር ያሰርኩበት አይጠጣ ብዬ አልነበረም ወይ አለው። አባ ሊበን በበትሩ ተደግፎ ጨርሶ አዳመጠውና እንዲህ አለ፦

"አንተ አትስጡት አልከን። ለምን ተራው አልደረሰም አላልከንም? እኛ ተራ እናውቃለን። የማናውቀው መከልከል ነው።"

ሁለት ሳምንት በሞያሌ

ከወዲያኛው ሞያሌ ፖስታ ቤት ለአለቃዬ ቴሌግራም ላክሁ፦ ነገሩ አልጠራም፣ እቆያለሁ። መልሱ አጭርና ቁጣ የተቀላቀለበት ነበር።

አዲሱ ፈተና በሁለት ቦታ ሆነ። አንዱ ጎዶማ፣ ሌላው ኦቦ። የኦቦ መንገድ ክፉ ስለሆነ ነጋዴ አይደርስበትም፤ ፈረሶቹ በዕድሜያቸው የትል መድኃኒት ቀምሰው አያውቁም። ከአቶ በየነ መደርደሪያ አንድ የታሸገ ቆርቆሮ ወረደ። አባ ሊበን ማሸጊያውን በጣቱ ዳሰሰው። ሐኪሙ ለሁለቱም ቦታ ፈረሶች ከዚያው ቆርቆሮ፣ ሙሉውን መጠን፣ በገዛ እጁ ራሳቸውን ቀና አድርጎ በጉሮሯቸው አፈሰሰ። በሁለቱም ቦታ ቆጠራ ቀድሞ ተደርጎ ነበር፤ ሳይጠጡ የሚቆዩም ነበሩ። ጎዶማ ላይ የዳኪ ዳማ ከሚቆዩት አንዱ ነበር። አባ ሊበን ለሰዉ ሁሉ፣ እነዚህ ተራቸው ከቆጠራው በኋላ ነው ብሎ አወጀ። ከዚያ በኋላ ማንም ጠርሙስ ይዞ ወደ ማንም ቤት አልሄደም።

ኦቦ ለመድረስ አርባ ኪሎ ሜትር የማይሞላውን መንገድ ቀኑን ሙሉ ሄድን። የቀረውን ጊዜ በመጠበቅ አሳለፍኩ። ዳበል ሄጄ የከብት ገበያ አየሁ፤ ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና የፍየል ሥጋ በስምንት ሺሊንጊ በላሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከአቶ በየነ ሱቅ ፊት፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነበርኩ። ገዢ አልመጣም። ስኳር የሚፈልጉ ቦረናዎች ደጁን አልፈው ራቅ ካለ ሱቅ ይገዙ ነበር። ቢያልፉም ሰላምታ አይነፍጉትም፤ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ ዝናብ ደህና ነው ወይ እያሉ ቆመው ይጠይቁታል። እሱም በየቀኑ ጠዋት በሩን ከፍቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ሸሚዙን ቆልፎ ይቀመጣል።

"ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር" አለኝ አንድ ቀን። "ሰላም እያለህ የሚርቅህን ሰው ምን ትለዋለህ?"

ውጤቱ

የመጨረሻው ቆጠራ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ዶክተር ሙቱኩ የኦቦን አስቀደመ። መድኃኒቱን የጠጡት ፈረሶች መስታወት ባዶ ነበር። ለማረጋገጥ እኔም አየሁ፤ ከጨው ቅንጣትና ከሣር ስንጥር በቀር ምንም የለም። በኦቦ የቆዩት እንደነበሩ ናቸው። ከዚያ የጎዶማ ተደረገ። ሙሉውን የጠጡት ፈረሶች እንቁላል ከግማሽ በላይ አልወረደም። የቆዩት ባሉበት ናቸው።

አንድ ቆርቆሮ ነው፣ አንድ እጅ ነው፣ ሁለት ውጤት። መድኃኒቱ ሕያው ነው፤ የጎዶማ ትል ግን ለምዶታል።

ሐኪሙ ወረቀቱን ለአቶ በየነ አሳየው። አቶ በየነ እንግሊዝኛ አያነብም። የሆነ ሆኖ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው።

በማግስቱ ጎዶማ ግራር ሥር ሰዉ ተሰበሰበ። እኔን ያሳሰበኝ ሐኪሙ ይህን እንዴት እንደሚናገረው ነው። ትሉን ያስለመደው መካፈላችሁ ነው ማለት ቀላል አይደለም። ሰዎቹ ክፉ ቢሠሩ ኖሮ መውቀስ ይቀል ነበር። ዶክተር ሙቱኩ ግን አልሸፋፈነውም፤ አልወቀሰምም። የኦቦንና የጎዶማን ፈረሶች አወዳድሮ፣ ግማሽ መድኃኒት ምን እንደሚያደርግ በዝግታ አስረዳ። በመጨረሻም ሌላ ዓይነት መድኃኒት እንዳለ፣ ከናይሮቢ ማስመጣት እንደሚቻል፣ ግን ውድና ጥቂት እንደሆነ ተናገረ። እሱም በግማሽ ከተሰጠ መጨረሻው ይኸው ነው።

የዳኪ ጎረቤት አንገቱን ደፍቶ መሬቱን በበትሩ ይጭር ነበር። ዳኪ ከሴቶቹ መሐል ተነስታ፣ ባይሰጠኝ ኖሮ ፈረሴን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቴንም አጣ ነበር አለች። ተመልሳ ተቀመጠች።

አባ ሊበን ከእሷ ቀጥሎ ተናገረ።

"ጉድጓዱ ላይ አንድ ገንዳ ውሃ ለአሥር መንጋ አንበትንም" አለ። "ብንበትነው ሁሉም ምላሱን አርሶ ይሞታል። አንዱ ጠጥቶ ይጠግባል፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፣ የሚጠብቀውም የተናቀ አይደለም። ይህን ከአባቶቻችን እናውቃለን። ጠርሙሱም እንደ ጉድጓዱ ውሃ መሆኑን ነው ያላወቅነው።"

ከዚያ ተራ አወጡ። ክርክሩ ሰዓት ፈጀ፤ የማን ፈረስ ይበልጥ እንደከሳ፣ የማን ቤት ሌላ ፈረስ እንደሌለው እየተነሳ ተጣለ። የመጀመሪያው ሙሉ ጠርሙስ ለዳኪ ዳማ ሆነ። ጎረቤቷ ሰባተኛ ወጣ፤ አልተከራከረም። ሁሉም ፈረስ ይድናል ማለት ግን አይደለም። ሁለቱ በጣም ከስተዋል፣ ተራቸው እስኪደርስ መቆየታቸውን ሐኪሙ ይጠራጠራል።

ቅዳሜ የሞያሌ ገበያ ነበር። አራት ሰዓት ላይ አባ ሊበን ከጎዶማ ሰዎች ጋር መጣ። ወደ አቶ በየነ ሱቅ አልገባም። ከፊት ለፊቱ፣ ገበያተኛው ሁሉ በሚያልፍበት፣ እኔ በምቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ሻይ ጠየቀ። አቶ በየነ ሻዩን በወተት ራሱ አቀረበለት። አባ ሊበን ጠጥቶ ሲጨርስ ሁለተኛ ጠየቀ። ሦስተኛም ጠየቀ። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ከዚያ አልተነሳም። ይቅርታ የሚል ቃል ከአንዳቸውም አፍ አልሰማሁም። ስለ ዝናብ ነው ያወሩት። ከቀትር በኋላ ግን አረንጓዴው በር በሰው ተሞላ፤ አቶ በየነ ስኳር መመዘን አቅቶት የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ።

መመለስ

ሰኞ ድንበሩን ተሻግሬ የደምሴን ፊያት አገኘሁ። ደምሴ ራሱ ግን ከጎማው ጥላ ሥር ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

"ከሄዱ በኋላ ተመልሳ መጣች፣ ጋሼ" አለኝ። "የሰጡኝ መድኃኒት ጥሩ ነበር፣ ለሳምንት ያህል አስታግሶልኛል። እግዜር ይስጥልኝ።"

ምስጋናው ከበደኝ። ወዲያው በወዲህኛው ሞያሌ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። የአንድ ሰው ሙሉ መድኃኒት ተሰጠው። እስኪጨርሰው ሦስት ቀን አብሬው ቆየሁ፤ ኪኒኑን በሰዓት በሰዓቱ ቆሜ አስዋጥሁት። አንዴ ትኩሳት ለያዘው ሌላ ሾፌር ሁለቱን ላካፍለው አለኝ። ወንድሜ፣ እሱም የራሱ ተራ አለው፣ ተነስቶ ጤና ጣቢያ ይሂድ አልኩት። ሰውዬውን እኔው ወሰድኩት።

አዲስ አበባ የገባሁት ቅዳሜ ማታ ነው። የአለቃዬን አጭበርባሪ አልያዝኩም፤ የያዝኩት የሁለት መንደር ቆጠራ ነው። እሱን እንዳለ ጻፍኩት፤ አለቃዬም ሳይደሰት አወጣው። ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ ቦርሳዬን ስትፈታ አምስቱን ኪኒኖች አገኘችና፣ የጎረቤታችን ልጅ አተኩሶታል፣ ልስጣቸው ወይ አለችኝ። በግቢያችን መድኃኒት ከቤት ቤት ሲዘዋወር የኖረ ነው፤ ስንት ሰው በግማሽ እንዳከምን አላውቅም። ኪኒኖቹን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩና ጫማዬን መልሼ አጠለቅሁ። ጎረቤቴን ቀሰቀስኩት፤ ልጁን በጋቢ አቅፎ ወጣ፤ አብረን ሐኪም ቤት ሄደን ተራ ያዝን።